በብርድ ጠዋት ማርሽ አልገባ ሲል

ደብረ ብርሃን ላይ ከኅዳር እስከ ጥር መኪናውን ደጅ ያሳደረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መስታወቱ አመዳይ ለብሷል፣ ሞተሩ እንደምንም ይነሳል፣ አንደኛ ማርሽ እያንገራገረ ይገባል፣ ሁለተኛው ግን እንቢ ይላል። እጀታው ጭቃ ውስጥ የተተከለ እንጨት ነው የሚመስለው። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ከተነዳ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይለሰልሳል። ብዙ ሰው «ብርዱ ነው» ብሎ የሚተወው ለዚህ ነው። እኔም ሁለት በጋ እንደዚያ ብዬ ትቼዋለሁ። ጋራዥ ካስገባሁት በኋላም ያልተበላሸውን አስቀይሬ፣ የተበላሸውን እንዳለ ይዤ ወጥቻለሁ። መኪናው በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ባለ አምስት ማርሽ ኮሮላ ነው። የምለው ግን በአብዛኛው ለሌላውም የእጅ ማርሽ መኪና ይሠራል።

መጀመሪያ የሚሳሳተው እጃችን ነው። ማርሹ አልገባ ሲል በመዳፍ መግፋት፣ ሲብስም በጡጫ መምታት። ይህ ለምን ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) እንደሚጎዳ ለመረዳት ውስጡ ያለውን አንድ ትንሽ ዕቃ ማወቅ ይበቃል። ሲንክሮናይዘር የሚባል የነሐስ ቀለበት አለ። ማርሽ ስንቀይር ይህ ቀለበት የሚገባውን ማርሽ ሾጣጣ ጎን እየፈተገ ሁለቱ ወገኖች በእኩል ፍጥነት እንዲዞሩ ያደርጋል። እስኪስተካከሉ ድረስ ደግሞ መንገዱን ዘግቶ ይይዛል። ቀለበቱ ውስጠኛ ፊቱ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች አሉት። ሥራቸው ዘይቱን ከመሃል ጠርጎ ብረት ለብረት እንዲያያዝ ማድረግ ነው። ዘይቱ በብርድ ሲወፍር ቶሎ አይጠረግም። ቀለበቱ በዘይቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ፍጥነቱ አይስተካከልም፣ መንገዱም እንደተዘጋ ይቆያል። እጃችን ላይ የሚሰማን ግድግዳ ይኸው ነው። ቀለበቱ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ጊዜ ብቻ ነው የጎደለው። በጉልበት ሲገፋ «ግርር» የሚለው ድምፅ የቀለበቱና የማርሹ ጥርሶች ጫፍ እየተሸረፈ መሆኑን ይናገራል። ይህ ከተደጋገመ ማርሹ በሙቀትም መጮህ ይጀምራል። ያኔ ዘይት መቀየር አያድነውም፤ ካምቢዮው ወርዶ መከፈት አለበት።

ሁለተኛው ማርሽ ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረውም ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ ኮሮላ ካምቢዮ የአንደኛው ምጣኔ (የሚወጣው ዘንግ አንዴ እንዲዞር የሚገባው ስንቴ እንደሚዞር) ወደ 3.5 ሲሆን የሁለተኛው 1.9 አካባቢ ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስንሄድ ከሞተር የሚመጣው ዘንግ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ መቀነስ አለበት። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ያለው ዝላይ ከዚህ በጣም ያንሳል። ስለዚህ እጀታውን በሁለት ጣት ያህል ግፊት ወደ ሁለተኛው አስደግፋችሁ አንድ ሁለት ሰከንድ ጠብቁ። ራሱ ይገባል።

ሁለተኛው ስህተት ውዱ ነበር፤ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኝና የሚለያይ ዕቃ) ማስቀየር። ጋራዡ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» አለ፣ እኔም አመንኩ። ዲስኩም፣ መጫኛውም፣ ሬጂስፒንታውም (ፔዳሉ ሲረገጥ መጫኛውን የሚገፋው ዕቃ) አዲስ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛው ማርሽ እንደ ትናንቱ እንቢ አለ። ቤቴ ደጃፍ ላይ በአምስት ደቂቃ የሚሠሩ ሦስት ፈተናዎች ይህን ሁሉ ወጪ ያድኑ ነበር። ሦስቱም ጠዋት፣ መኪናው ሳይሞቅ መሠራት አለባቸው። ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ደርሶ የሞቀ መኪና ሕመሙን አያሳይም።

የመጀመሪያው ፈተና ሞተሩ ጠፍቶ ነው። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ፣ የኋላውንም ጨምራችሁ አስገቡ። ሞተሩ ሲጠፋ ሁሉም በቀላሉ የሚገቡ፣ ሲነሳ ግን ቆማችሁም አንደኛና የኋላ ማርሽ የሚከብዱ ከሆነ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም ማለት ነው። ጠፍቶም እጀታው ድርቅ ካለ ከፍሪሲዮኑ ውጭ ፈልጉ፤ ኬብሉን፣ መገጣጠሚያውን፣ ዘይቱን።

ሁለተኛውን ፈተና እኔ አብልጬ አምነዋለሁ። ሞተሩ ተነስቶ ማርሹ ፎሌ (ምንም ማርሽ ያልገባበት ቦታ) ላይ ይሁን፣ እግራችሁን ከፍሪሲዮን አንሱ። ከዚያ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ እስከ አምስት ቁጠሩና የኋላ ማርሽ አስገቡ። በብዙ መኪና የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር የለውም። ስለዚህ ዲስኩ ገና የሚዞር ከሆነ በጩኸት ይናገራል። ድምፅ ሳያሰማ ከገባ ፍሪሲዮኑ ነጻ ነው። የእኔ መኪና ድምፅ ሳያሰማ ነበር የሚገባው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ፍሪሲዮኑን አላስነካም ነበር።

ሦስተኛው፣ ማርሽ ከማስገባታችሁ በፊት ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ቶሎ ቶሎ መርገጥ ነው። ከዚያ በኋላ ማርሹ ከቀለለ የፍሪሲዮኑ ፖምፓ አየር አስገብቷል ወይም ውስጡ ያለው ጎማ አልቋል። ጎማው በብርድ ስለሚደርቅ ጠዋት ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርድና ቀን ይስተካከላል። የታችኛው ፖምፓ ጫፍ ላይ ያለውን የአቧራ መከላከያ ጎማ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ፍለጋው አብቅቷል። ፍሪሲዮኑ የሚጠቀመው የፍሬን ዘይት ነው፤ በአብዛኛው ዶት 3 ወይም ዶት 4። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እየቆየም ፖምፓውን ከውስጥ ያዝገዋል። ቡና መልክ ከያዘ ሙሉ በሙሉ አስለውጡት። አየር ሲወጣ አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ከታች ማስተንፈሻዋን ከፍቶ ይዘጋል፣ ከዚያ ብቻ ፔዳሉ ይለቀቃል። ከላይ ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ በመሃል ባዶ ከሆነ ሥራው እንደገና ከሀ ይጀምራል። ፍሪሲዮናችሁ በፖምፓ ሳይሆን በኬብል የሚሠራ ከሆነ የፔዳሉን ነጻ ጨዋታ ለኩ። በቶዮታዎች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

ነገሩ የዞረው የካምቢዮው ዘይት የወረደ ቀን ነው። ሞተሩ ከተነሳ ገና ጥቂት ደቂቃው ነበር። ታፖው (የማፍሰሻው መክደኛ) ሲከፈት የወጣው ነገር የረጋ ማር ይመስል እየተጎተተ ወረደ። ባለፈው የገባው 140 የሚባለው ወፍራም ዘይት መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው። 140 በአገራችን ጋራዦች የታወቀ መድኃኒት ነው። ካምቢዮ ትንሽ ሲያፏጭ ወይም ኩሽኔታው (ዘንጉ በቀላሉ እንዲዞር የሚይዘው ቀለበት) ሲያረጅ ወፍራም ዘይት ድምፁን ያፍነዋል። መኪና ሊሸጥ ሲልም እንዲሁ ይደረጋል። ለዚህ ነው ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ውስጡ ያለውን ዘይት ሳያይ መታመን የሌለበት።

ቁጥሮቹን እንፍታቸው። ጣሳው ላይ 75ደብሊው-90፣ 80ደብሊው-90 ወይም 85ደብሊው-140 ተብሎ ይጻፋል። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር በብርድ ጊዜ ያለውን ጠባይ ይናገራል፤ ባነሰ ቁጥር በብርድ የተሻለ ይፈሳል። በመለኪያው መሠረት ዘይቱ መቀበል ከሚቻለው ውፍረት ሳያልፍ የሚቆይበት ዝቅተኛ ሙቀት ለ85ደብሊው ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ፣ ለ80ደብሊው ከዜሮ በታች 26፣ ለ75ደብሊው ከዜሮ በታች 40 ነው። የኋላው ቁጥር በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ውፍረት ያሳያል፤ ለ90 ከ13.5 እስከ 18.5፣ ለ140 ከ24 እስከ 32.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ)። እንግዲህ 140 ሞቆም ከ90 ብዙ ይወፍራል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። «ደብረ ብርሃን ከዜሮ በታች 12 አይደርስም፣ ታዲያ 85ደብሊው ምን ይለዋል?» የሚል ይኖራል። ያ መለኪያ ዘይቱ ጥርሶቹን ሳያደርቅ የሚያገለግልበትን ዳር ነው የሚያሳየው። ማርሹ ለእጅ እንዲቀል ግን ከዚያ ብዙ መራቅ አለበት። የሲንክሮናይዘሩ ችግር ዘይቱ ሊረጋ ሲል ሳይሆን ሲወፍር ነው የሚጀምረው። በአዲስ አበባም በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ልዩነቱ እጅ ላይ ይታወቃል። ለደጋ አገራችን 75ደብሊው-90 ምርጡ ነው። ከጠፋ 80ደብሊው-90 በደንብ ያገለግላል።

ሌላው ጣሳው ላይ የሚነበበው ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚለው የዘይቱ ደረጃ ነው። ጂኤል-5 ለዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ቀኝ ጎማ ለሚያከፋፍለው ክፍል) ታስቦ የተሠራ ሲሆን ከፍተኛ ጫና የሚችል የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመም ከጂኤል-4 እጥፍ ገደማ አለው። ይህ ቅመም በአንዳንድ ዘይቶች ነሐስን ቀስ በቀስ ይበላል። ከዚያም በላይ ዘይቱን ለሲንክሮናይዘሩ ከሚገባው በላይ አንሸራታች ሊያደርገው ይችላል። የዚህ ኮሮላ መመሪያ ሁለቱንም ይፈቅዳል። የኔ ምርጫ ግን ጂኤል-4 ነው። መመሪያው ጂኤል-4 ብቻ በሚልበት መኪና ደግሞ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። እግረ መንገዴን፦ ሁሉም ካምቢዮ የማርሽ ዘይት አይወስድም። የቆዩ ሆንዳዎች ካምቢዮ 10ደብሊው-30 የሞተር ዘይት ወይም የራሱን ኤምቲኤፍ (ለእጅ ማርሽ የተሠራ ዘይት) ይወስዳል። ኤቲኤፍ (የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት) የሚወስዱ የእጅ ማርሾችም አሉ። እነዚህ ውስጥ 90 የጨመረ ሰው በብርድ ለሚገጥመው ነገር ብርዱን መውቀስ የለበትም።

አሁን ወደ ሥራው። ዘይት ከመቀየሩ በፊት መኪናው 15 ወይም 20 ደቂቃ ይነዳ፤ ሲሞቅ በደንብ ይወርዳል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። ደልዳላ ቦታ ላይ በአራት ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) እኩል ይነሳ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር መግባት የለም። ከዚያ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚከፈተው የመሙያው ታፖ ነው፤ የማፍሰሻው አይደለም። የመሙያው ታፖ ዝጎ አልፈታ ካለ ዘይቱ ገና ውስጥ ስለሆነ መኪናውን ነድታችሁ ሌላ ቦታ መሄድ ትችላላችሁ። ዘይቱን አፍስሳችሁ መሙያው እንቢ ካለ ግን እዚያው ቀራችሁ። በዚህ ኮሮላ ሁለቱም በ24 ቁልፍ ይፈታሉ። አፉ የተበላ ወይም የሚስተካከል ቁልፍ ጠርዙን ይበላዋል። ያልተበላ፣ ልክ የሆነ ቁልፍ ተዋሱ።

ዘይቱ ሲወርድ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ማግኔቱ ላይ ያለ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ የተለመደ ነው። በዘይቱ ውስጥ ወርቅማ ብልጭታ ካለ የነሐስ ቀለበቶቹ እየተበሉ ነው። ወተት መልክ ከያዘ ውኃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜ ጎርፍ ውስጥ በተነዳ መኪና ላይ ይታያል። በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ከወጣ አዲስ ዘይት ለመግዛት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ካምቢዮው ይከፈት። አንዳንድ ቦታ ውስጡን በናፍጣ የማጠብ ልማድ አለ። ናፍጣው ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ የቀረው አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ውስጡ መታጠብ አለበት ከተባለ ርካሽ ጂኤል-4 ገብቶ ጥቂት ቀን ተነድቶ ይፍሰስ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ከተንጠባጠበ በኋላ የማፍሰሻው ታፖ በአዲስ ማሸጊያ ቀለበት (ሮንዴላ) ይዘጋ። ጥብቀቱ 39 ኒውተን ሜትር ነው። ካምቢዮው አሉሚኒየም ስለሆነ በረጅም ቧንቧ መጥበቅ ጥርሱን ይነቅለዋል። ዘይቱ በቱቦና በማጥለያ ከላይ ወይም በትልቅ ስሪንጋ ይገባል። ይህ ካምቢዮ የሚወስደው 1.9 ሊትር ገደማ ነው፤ ሁለት ባለ አንድ ሊትር ጣሳ ይበቃል። ልኩ የሚታወቀው ግን በጣሳ ሳይሆን በጣት ነው። ጣታችሁን በመሙያው ቀዳዳ አጠፍ አድርጋችሁ ስታስገቡ ዘይቱ ከቀዳዳው የታችኛው ከንፈር ቢበዛ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት። መብዛቱ የአክስሉን ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎማ) ያስለቅሳል፣ ያሞቀዋልም። ማነሱ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው አምስተኛውን ነው፤ በዚህ ዓይነት ካምቢዮ አምስተኛ ማርሽ ከዋናው ሳጥን ውጭ ዳር ላይ ስለሚቀመጥ።

ከዘይቱ በኋላ ማርሹ ከቀለለ፣ እጀታው ግን ወደ ጎን ሲሄድ አሁንም ድርቅ የሚል ከሆነ ወደ ኬብሎቹ እንሂድ። ኮሮላው ሁለት ኬብል አለው፤ አንዱ ወደፊትና ወደኋላ፣ ሌላው ወደ ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሳል። ካምቢዮው ላይ ከሚያያዙበት ጫፍ አንድ በአንድ አውልቁና በእጅ ሳቡ ግፉ። ኬብሉ ብቻውን ከከበደ ኬብሉ ይቀየር፤ ከውጭ ቅባት መቀባት ዘለቄታ የለውም። ኬብሉ ቀሎ ካምቢዮው ላይ ያለው ዘንግ ከከበደ ዘንጉ የሚገባበት ቦታ ዝጓል ወይም አቧራ ከደረቀ ግሪስ ጋር ጋግሯል። አጽድታችሁ በብርድ የማይጠነክር ሲንቴቲክ ግሪስ በጥቂቱ ቀቡ። እንደ ሃይሉክስ ያሉ ማርሻቸው በቀጥታ ካምቢዮው ላይ የሚቆም መኪናዎች ኬብል የላቸውም። እነሱ ላይ የሚያልቀው ከእጀታው ሥር ያለው የፕላስቲክ መቀመጫ ነው። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ከላይ ተከፍቶ ይቀየራል። በነዚሁ የኋላ ጎማ በሚገፋቸው መኪናዎች ቮላኖው (ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ ክብ ብረት) መሃል ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ ከደረቀች ፍሪሲዮን ተረግጦም ዘንጉን ይዛ ታዞራለች። ምልክቱ ከፍሪሲዮን ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰው ፖምፓ ሲቀያይር ይከርማል። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ ከወረደ እሷም አብራ ትቀየር።

ዘይቱ ተስተካክሎም የጠዋቱን አነዳድ መቀየር ያስፈልጋል። ሞተር ስታስነሱ ፎሌ ላይ ሆናችሁ ፍሪሲዮን ርገጡ፤ ሞቶሪኖው (ሞተር ማስነሻው) የካምቢዮውን ወፍራም ዘይት አብሮ ከማማሰል ይድናል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን ፎሌ ላይ እንዳላችሁ እግራችሁን ከፍሪሲዮን አንሱ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፦ ፍሪሲዮን ረግጦ የሚጠብቅ ሰው የካምቢዮውን ዘንግ አቁሞታል። እግሩን ሲያነሳ ግን ዘንጎቹ ይዞራሉ፣ ዘይቱም ይማሰላል። አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ቆሞ ማሞቅ ነዳጅ ማቃጠል ነው፤ ካምቢዮ በደንብ የሚሞቀው ሲነዳ ብቻ ነው። ቆማችሁ አንደኛው አልገባ ካለ ሁለተኛውን ነካ አድርጋችሁ ተመለሱ፣ ወይም ፎሌ ላይ ፍሪሲዮኑን ለቃችሁ እንደገና ርገጡ። ስትነዱ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ሲሆን ቀይሩ። ሁለተኛው አሁንም ካስቸገረ ሁለቴ መርገጥ ይሠራል፦ ረግጣችሁ ከአንደኛ ፎሌ፣ ለቃችሁ፣ እንደገና ረግጣችሁ ሁለተኛ። ማርሽ ስትቀንሱ መሃል ላይ ፎሌ ሆናችሁ ነዳጅ ትንሽ ነካ አድርጉ። የድሮ የጭነት መኪና ሾፌሮች በቀን መቶ ጊዜ የሚያደርጉት ነው።

ሚኒሶታ፣ ካናዳ ወይም ስዊድን ላላችሁ፣ እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። ከዜሮ በታች 20 ሲደርስ 85ደብሊው የሚባል ነገር ካምቢዮ ውስጥ መኖር የለበትም። ሙሉ ሲንቴቲክ 75ደብሊው-90፣ መመሪያው ከፈቀደም 75ደብሊው-80 አስገቡ። ሌሊት በኤሌክትሪክ የሚሰካው የሞተር ማሞቂያ ሞተሩን እንጂ ካምቢዮውን አያሞቅም። ስለዚህ ሞተሩ ቶሎ ተነሳ ብላችሁ ማርሹን አታጣድፉ። የኬብሉ የጎማ ሽፋን ከተቀደደ ውኃ ገብቶ ውስጡ በረዶ ይሆናል። እጀታው ንቅንቅ አልል ብሎ ጋራዥ ውስጥ ሲሞቅ የሚለቅ ከሆነ ይኸው ነው። እንዲህ ባለ ብርድ እርጥብ የእጅ ፍሬንም ይዞ ስለሚቀር ሜዳ ላይ በማርሽ አቁሙት።

አዲሱ ዘይት በገባ በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛው ማርሽ በሁለት ጣት ገባ። አብሮት ግን አንድ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ፤ 140 አፍኖት የነበረው ፉጨት። እዚህ ላይ ደንግጦ ወደ ወፍራሙ ዘይት የሚመለስ ብዙ ነው። ከመመለሳችሁ በፊት አድምጡ። ሞተሩ ተነስቶ፣ ፎሌ ላይ፣ እግር ከፍሪሲዮን ተነስቶ ድምፅ ካለና ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። በተቃራኒው ሲረገጥ የሚመጣ ከሆነ ሬጂስፒንታው ነው። ሲነዳ ብቻ፣ በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ የዚያ ማርሽ ጥርስ ነው። የእኔው ሲረገጥ የሚጠፋው ዓይነት ነበር። ኩሽኔታው ካምቢዮ ወርዶ ነው የሚቀየረው። ካምቢዮው ደግሞ ያለ ምክንያት ለተቀየረው ፍሪሲዮን አንዴ ወርዶ ነበር፤ ያን ጊዜ ማንም አላየውም።